ኤፊቆሮስ በወሎ፦ ባዕድ አምልኮን በፍልስፍና የመሞገት ክርክር

ኤፊቆሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ341 በሳሞስ ደሴት ተወልዶ በ270 አቴና ላይ የሞተ የግሪክ ፈላስፋ ነው። ስሙ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ላይ ጳውሎስን አቴና ውስጥ ከተከራከሩት መካከል የእርሱ ወገኖች አሉ። ትምህርቱ በዋናነት ሰውን ከሁለት ፍርሃቶች ለማላቀቅ የታሰበ ነው፦ አማልክት ይቀጡኛል ከሚለውና ከሞት በኋላ ምን ይጠብቀኝ ይሆን ከሚለው። ወሎ ላይ ይህ ትምህርት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ቃልቻ፣ ወደ ክታብና ወደ ቡዳ ይዞራል፤ መዞሩም ተገቢ ነው።

ወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በጋብቻ ተሳስረው፣ በአንድ ቤት እየኖሩ፣ ለቅሶና ሠርጉን አብረው የሚወጡበት አገር ነው። መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣውና በመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚከትመው ሰው ሃይማኖቱ ይለያያል፤ ከሃይማኖቱ ጎን ለጎን የሚሄደው ልማድ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ክታብን እንውሰድ። የተጻፈበት ብራና ወይም ወረቀት ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ወይም ክንድ ላይ ይታሰራል። ለክርስቲያኑ ደብተራው በግዕዝ፣ ለሙስሊሙ ሼሁ በዐረብኛ ይጽፉለታል። ልጇ ሌሊት እየባነነ ያስቸገራት እናት የአንዱ ካልሠራላት የሌላውን ለመሞከር ብዙም አታመነታም። ዛር የሰፈረባት ሴት ዘንድ ደግሞ ቡናው ይፈላል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ድቤው ይመታል፤ ዛሩም በአፏ ገብስማ ዶሮ ወይም ሽቶ ይጠይቃል።

ለኤፊቆሮስ የሚሟገት ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው “ይህ ከሃዲ ነው” የሚል ክስ ነው። ፈላስፋው ግን አማልክት የሉም አላለም። ለሜኖይኬዎስ በጻፈው ደብዳቤ አማልክት አሉ፣ ብፁዓንና የማይሞቱ ናቸው ይላል፤ ኃጢአተኛው የብዙኃኑን አማልክት የሚክድ ሳይሆን የብዙኃኑን አስተሳሰብ በአማልክት ላይ የሚለጥፍ ነው ሲልም ያክላል። በከተማው ክብረ በዓላት ላይም ይገኝ ነበር። ሁለተኛው ክስ “ሆዳም ነው” የሚል ነው። ይህ ብዙ ክርክር አያስፈልገውም፦ ለወዳጁ “ድግስ ሲያምረኝ እንድደግስ ትንሽ አይብ ላክልኝ” ብሎ የጻፈ ሰው ነው። የሚገርመው ሌላ ሐሜት ነው። ባላንጣዎቹ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር በየጎጆው እየዞረ የማንጻት ድግምት ያነብ ነበር ብለው አምተውታል። እውነት ከሆነ፣ ድግምቱን ከውስጥ የሚያውቅ የደብተራ ልጅ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመረዳት ከወሎ ርቆ ጥቁር ባሕር ዳርቻ መድረስ ያስፈልጋል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው ክፍለ ዘመን አቦኖቴይኮስ በምትባል ከተማ እስክንድር የሚባል ሐሰተኛ ነቢይ ተነሣ። የሰው ራስ መስሎ በጨርቅ የተሠራ ጭንብል ያጠለቀ እባብ ይዞ፣ በገንዘብ ትንቢት ይሰጥ እንደነበር ጸሐፊው ሉክያኖስ ተርኮታል። ያጋለጡት ኤፊቆሮሳውያን ነበሩ። እርሱም የኤፊቆሮስን መጽሐፍ ገበያ መሐል አቃጠለ፤ ምሥጢረ ሥርዓቱን ሲጀምር “ክርስቲያኖች ይውጡ!” ሲል ሕዝቡ “ኤፊቆሮሳውያን ይውጡ!” ብሎ ይቀበለው ነበር። ያንን አዋቂ ነኝ ባይ የሚያሰጉት ሁለቱ ነበሩ ማለት ነው። ወሎም ላይ ቃልቻንና ጥንቆላን ቄሱም ዑለማውም ያወግዛሉ፤ በመተትና በድግምት ንግድ ላይ የሚቀርበው ሙግት ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ጋር የግድ አያጋጭም። ኤፊቆሮስ “አምላክ የሰዎችን ጸሎት ሁሉ ቢሰማ ሰው በሙሉ ባለቀ ነበር፤ ሁልጊዜ አንዱ በሌላው ላይ ክፉ ይለምናልና” ማለቱ ይነገራል። ጎረቤቱ “አስደግሞበታል” ተብሎ ሲታማ የሰማ ሰው ይህ ይገባዋል። በቡዳ ስም ሲገለሉ የኖሩት አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ ይበልጥ ይገባቸዋል።

የተፈጥሮ ጉዳይ ላይ ኤፊቆሮስ ለፒቶክሌስ የጻፈው ደብዳቤ ጠቃሚ ነው። መብረቅ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ተረቱ ብቻ ይራቅ ይላል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ ጨረቃ የፀሐይን መሐል ሸፍና ዙሪያዋን ቀለበት አስመስላ አልፋለች፤ ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ በስሌት ይታወቅ ነበር። በዚህ ርዕስ ግን ፈላስፋውን እስከ መጨረሻው መደገፍ አይቻልም፤ ፀሐይ በዓይን የምትታየውን ያህል ናት የሚል ሰው ነበር።

ክርክሩ እውነተኛ ክብደት የሚያገኘው ረሀብ ላይ ነው። የ1965 እና የ1966ቱን እልቂት፣ በኋላም የ1977ቱን፣ የፈጣሪ ቁጣ አድርጎ የሚያስታውስ ሽማግሌ ዛሬም አይጠፋም። ዝናቡ መቅረቱ እውነት ነው። ነገር ግን መንግሥት ወሬው እንዳይወጣ አፍኖት ነበር፤ ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ደግሞ በመጀመሪያው ረሀብ ጊዜ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልተወደደ፣ የጠፋው የገበሬው የመግዛት አቅም መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። “ቁጣ ነው” የሚለው መልስ ያስፈራል ብቻ ሳይሆን ተጠያቂውን ነጻ ያወጣል፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ይህ የሚከፋ ይመስለኛል። ሮማዊው ኤፊቆሮሳዊ ሉክሬቲዩስ ግጥሙን በአቴና ወረርሽኝ ሲዘጋ በሽታውን ለአማልክት አለመስጠቱ ከዚሁ የመጣ ነው።

ልዩነቱን መደበቅ ግን ለማንም አይበጅም። ኤፊቆሮስ ነፍስ ከሥጋ ጋር ትበተናለች፣ አማልክትም ለዝናብ የሚደረግን ዱዓ ወይም ምሕላ አይሰሙም ይላል። ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ስብስብ ላይ እጁን ዘርግቶ “አሚን” ለሚል ሰው ይህ ከቃልቻው ትችት የተለየ ነገር ነው። አንዳንድ ተሟጋቾች ጨዋታው እንዳይበላሽ ብለው ይህን ያለሳልሱታል፤ ሰሚው ሲደርስበት የቀድሞውን እውነትም አብሮ ይጥለዋል።

ሙግቱ የሚደክመው ሌላ ቦታ ነው። ዛር ቤትና ወዳጃ ፍርሃት ብቻ ሳይሆን ሰውም ይሰጣሉ፦ ቡና፣ ጫት፣ ምሬትን የሚሰማ ጆሮ። ኤፊቆሮስ ይህን ያውቅ ነበር። አቴና ላይ ያቋቋመው “የአትክልት ስፍራ” የሚባለው ጉባኤ ሴቶችንና ባሮችን ይቀበል ነበር፤ በኑዛዜውም ወዳጆቹ በየወሩ በ20ኛው ቀን እንዲሰበሰቡ አዝዟል፣ ልክ እንደ ጽዋ ማኅበር። ወሎ ላይ ዛር ቤት የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ ስለ ኤፊቆሮስ የሚደረገው ክርክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወንዶች በርጫ አይወጣም።