«ማን ይቆርጥልሃል?» ስለ ድምፅ ኤዲቲንግ ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች

ድምፅ ኤዲት በማድረግ እንደምተዳደር የሰማ ሰው፣ ዓይነ ስውር መሆኔን ሲያይ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ታዲያ ማን ይቆርጥልሃል?» ጥያቄው በደግነት ስለሚቀርብ ለብዙ ዓመታት በትዕግሥት ስመልስ ኖሬአለሁ፤ ትዕግሥቱ ግን እያለቀ ነው። የሚቆርጥልኝ ሰው የለም። የምቆርጠው እኔው ራሴ ነኝ፤ መሣሪያዬም እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ የቀረበውና እስከ ዛሬ ማንም በነጻ አውርዶ የሚጭነው ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራም፣ ከእርሱም ጋር ስክሪኑን የሚያነብልኝ ኤንቪዲኤ እና የቁልፍ ሰሌዳዬ ናቸው። ጠረጴዛዬ ላይ ማውዝ የለም።

ጥያቄው የሚመነጨው ድምፅን ማረም የዓይን ሥራ ነው ከሚል እምነት ነው። ፕሮግራሙ የተቀዳውን ድምፅ ከፍ ዝቅ በሚል ሞገድ ስለሚያሳይ፣ ጀማሪው ሁሉ ሞገዱ ሲነሣ ቃል ጀመረ፣ ሲተኛ ቃሉ አለቀ ብሎ ይደመድማል። ይህ ግምት በአማርኛ ላይ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማወቅ «መጣ» የሚለውን አንድ ቃል ቀድቶ መመልከት ይበቃል። «ጣ» ጠብቆ ስለሚነገር ምላስ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ተጣብቆ፣ ትንፋሹን አፍኖ ጥቂት ይቆይና በድንገት ይለቀዋል፤ በታፈነበት ቅጽበት የሚሰማ ነገር ስለሌለ፣ ሞገዱ በቃሉ መካከል ጠፍጣፋ መስመር ይሆናል። በዓይኑ የሚቆርጥ ሰው መስመሩን አይቶ የቃሉ መጨረሻ ይመስለዋል፤ በጆሮው የሚቆርጥ ሰው ግን ያ ዝምታ የፊደሉ ግማሽ አካል መሆኑን አይስተውም።

ባለፈው ዓመት አንድ ዓይናማ ወጣት የሠራውን ቃለ መጠይቅ ይዞ መጣ። ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ዝምታን የሚያሳጥረውን ኢፌክት ከፍቶ፣ ፕሮግራሙ ሲጫን ግማሽ ሰከንድ የነበሩትን ሁለት ልኮች፣ ማለትም ዝምታው ማጠር የሚጀምርበትንና አጥሮ የሚቀርበትን፣ ወደ አንድ አሥረኛ ሰከንድ አውርዷቸው ነበር። ተናጋሪዋ የጎጃም እናት ናቸው፤ ከኢፌክቱ ሲወጡ ግን የሚጠብቀው ሁሉ ላልቶባቸው፣ አማርኛን አምና የተማሩ የውጭ አገር ሰው መሰሉ። ወጣቱ ለአንድ ሳምንት ሞገዱን ሲመረምር ሰንብቶ ጥፋቱን አላገኘውም፤ ምክንያቱም በሞገዱ ላይ ሲታይ ሁሉም ነገር ንጹሕና የተስተካከለ ነበር። ዓይንህን ጨፍነህ ስማ ብዬው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ደረሰበት።

እኔ የምቆርጠው እንዲህ ነው። የስፔስ ቁልፍን ተጭኜ አጫውታለሁ፤ የማይፈለገው ሐረግ ሊጀምር ሲል የግራውን ማዕዘናዊ ቅንፍ ([)፣ ሲያበቃ የቀኙን (]) እጫናለሁ፤ ድምፁ ሳይቋረጥ ሁለቱ ጫፎች ይያዛሉ። ስፔስን ደግሜ ካቆምሁት በኋላ «ሲ» የሚለውን ፊደል ስጫን ፕሮግራሙ የተመረጠውን ዘልሎ ከፊቱና ከኋላው ያለውን አያይዞ ያሰማኛል፤ ሳልቆርጥ በፊት የቁርጡን ውጤት ሰማሁ ማለት ነው። ጫፉ ካልጣመኝ ሺፍትን ይዤ በቀስት ቁልፎች እገፋዋለሁ፤ የቀስቱ እርምጃ ስፋት ሞገዱ በስክሪኑ ላይ በጎላበት መጠን ስለሚወሰን፣ ለረቂቅ ሥራ ኮንትሮልና 1ን ጥቂት ጊዜ ተጭኖ እይታውን ማጉላት ያስፈልጋል። ከዚያ ዲሊት፤ ካልሆነም ኮንትሮልና ዜድ የቆረጥሁትን ይመልሰዋል። ስለ ትንፋሽ ደግሞ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጨቀጭቃቸው ነገር አለ፤ የተናጋሪውን ትንፋሽ ሁሉ ጠርጋችሁ አታውጡ፤ በቁርጡ ምክንያት ሁለት ትንፋሽ ከተከታተለ አንዱን ብቻ አውጡ፤ ትንፋሽ የሌለው ሰው አድማጭን ያስጨንቃል።

«የቁልፍ ሰሌዳ ለዓይነ ስውራን የተሠራ ማካካሻ ነው» የሚሉም አሉ። የሁለት ሰዓት ውይይት በማውዝ ኤዲት አድርጎ የእጁ አንጓ ያበጠ ሰው ይህን አይልም።

«ስክሪን አንባቢው ከቅጂው ጋር ይቀዳል» የሚለው ስጋት በማይክሮፎን ለሚቀዳ ሰው እውነት የሚሆነው የኮምፒውተሩ ድምፅ በስፒከር ወጥቶ ወደ ማይክሮፎኑ ሲገባ ነው። የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። በቅጂ መካከል መቆም ካስፈለገም «ፒ» የሚለው ፊደል ለአፍታ ያቆመዋል፤ ደግሞ ሲጫኑት ካቆመበት ይቀጥላል።

«ቁልፎቹ በእኔ ኮምፒውተር ላይ አይሠሩም» ብለው የሚደውሉልኝ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ የአማርኛ መጻፊያውን ሳያጠፉ የሚሠሩ ናቸው። ፕሮግራሙ ለመቅዳት «አር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ይጠብቃል፤ መጻፊያው ግን መንገድ ላይ ጠልፎ «ር» ያደርገዋል። መፍትሔው ወደ እንግሊዝኛው መመለስ ብቻ ነው፤ እኔ ራሴ ይህን ሳላውቅ አንድ ከሰዓት ሙሉ ፕሮግራሙን እየነቀልሁ ስጭን ውያለሁ።

ድምፅ ሲቀዳ የድምፁን መጠን የሚያሳየው ጠቋሚ ቀዩ ድረስ ቢደርስ ጥራት ይጨምራል የሚለው ስሕተት ከሁሉ የበለጠ ሥራ አበላሽቶብኛል። የድምፅ መጠን በሚለካበት በዴሲቤል ሲታይ፣ በዲጂታል ቅጂ ዜሮ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ ያለፈው የሞገዱ ራስ ይቆረጣል፣ የተቆረጠውም በየትኛውም ኢፌክት በትክክል አይመለስም። ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ባለው ቦታ ላይ እንዲውል አድርጉና ቅዱ፤ ያነሰውን በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ድምፁን ጨምቆ ከፊሉን የሚጥለውን ኤምፒስሪ፣ ሳይጨምቅ ወደሚያስቀምጠው ዌቭ መለወጥ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ የጠፋውን ድምፅ አይመልስም።

በመጨረሻም ኮንትሮልና ኤስ መጫን ድምፁን ለሰው የሚላክ ፋይል አያደርገውም፤ የሚያስቀምጠው ኦዳሲቲ ብቻ የሚከፍተውን ፕሮጀክት ነው፤ ለሌላ ሰው የሚላከው ኤክስፖርት ተደርጎ የሚወጣው ነው። በድሮዎቹ ሥሪቶች ደግሞ የፕሮጀክቱ ፋይልና ድምፁ ያለበት ፎልደር ለየብቻ ይቀመጡ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ደንበኛዬ የአያቱን የሦስት ሰዓት ትረካ ቀድቶ የፕሮጀክቱን ፋይል ብቻ በቴሌግራም ላከልኝ፤ ስቀበለው ጥቂት መቶ ኪሎባይት ብቻ ነበር። ፎልደሩን እንዲልክልኝ ስደውልለት ኮምፒውተሩን በዚያው ሳምንት ፎርማት አስደርጎታል።