ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፦ በብርሌ የሚቀመስ ቅዳሜና እሁድ

ወይን እየቀመሰ ቅዳሜና እሁድን ማሳለፍ ያማረው ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዝዋይ ቢሄድ ይሻለዋል። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርዶ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የተከለውን የወይን ማሳ ያያል። የዚያ ማሳ ጠርሙስ ገበያ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሲራ፣ ሜርሎ፣ ሻርዶኔ የሚባሉት ዘሮች አሉበት። ደሴ እንዲህ ያለ እርሻ የላትም። ያላት ጠጅ ነው። ፈረንጆቹ "የማር ወይን" ይሉታል፣ አልተሳሳቱም፤ ጥንካሬው ከወይን ብዙም አይርቅም፣ አጠጣጡም ቀስ እያሉ ነው።

ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር። ጠዋት ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ዶሮ መዝለያ የሚባለውን ቁልቁለት አልፎ ሜዳው ላይ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ለተሳፋሪው ቀላል ነገር ነው፣ ለጠጅ ግን ቀላል አይደለም።

ምክንያቱ ከአጣጣሉ ይጀምራል። ጋኑ በደንብ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጥና ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ሰፈፉ ይነሳለታል። ከዚያ ጌሾ ይገባል። ለጠላ ቅጠሉ ነው፣ ለጠጅ ግን የሚፈለገው እንጨቱ ነው፤ ተከትክቶ ከብርዙ ተቀንሶ ይቀቀልና ሲቀዘቅዝ ወደ ጋኑ ይመለሳል። እርሾ የሚገዛ የለም፣ ከማሩም ከጌሾውም ከጋኑም ይመጣል። የቀረው የአየሩ ሥራ ነው። ሞቅ ባለ ቦታ በአምስት በስድስት ቀን ሊደርስ ይችላል፣ ብርድ ላይ ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ብርድ አገር ጋኑን እንደ ሕፃን በጨርቅ የሚጠቀልሉት ለዚህ ነው። እኔ የብርዱን እመርጣለሁ፣ ቀስ ብሎ የደረሰ ጠጅ የማሩ ሽታ የሚቆይበት ይመስለኛል። ኮምቦልቻ ያለ ወዳጄ ግን ይሄን ስነግረው ይስቅብኛል።

ጠጅ ቤት ገብታችሁ "ጠጅ" ብቻ ብትሉ ጥያቄ ይመጣል፦ ደረቅ? መካከለኛ? ለስላሳ? ለስላሳው ገና ማር ማር የሚል ነው፣ ደረቁ ስኳሩን በልቶ የጨረሰ፣ ጌሾው አፍ ላይ የሚቀር። ለቅምሻ ከለስላሳ ጀምሮ ወደ ደረቅ መሄድ ያዋጣል፤ በደረቅ የጀመረ ሰው ለስላሳው ሽሮፕ ይሆንበታል። ብርሌው አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ሽታው እዚያ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ከመጠጣታችሁ በፊት አሽቱት። ድሮ በትልልቅ ግብር ላይ አሳላፊው ለጌታው ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምስ ነበር፤ መርዝ የለበትም ለማለት ነው።

ግብር ካነሳን፣ ደሴ ያለውን የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ሳያዩ መመለስ ነውር ነው። የግብር አዳራሽ ነበር፣ ስሙም ማንንም አይንቅም እንደማለት ነው። ወሎ ውስጥ ይህ ቃል ክብደት አለው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ግቢ የሚኖርበት አገር ነውና። በዚያው ምክንያት የቅምሻው ጉዞ ጠጅ ለማይጠጣውም ይሆናል። ብርዝ አለ፤ ማርና ውሃ ብቻ፣ ጌሾ ያልነካው። ቀን ካደረ ግን መቦካት ይጀምራል፣ በተለይ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ፣ ስለዚህ በዕለቱ ነው የሚጠጣው። ከተቆላ ገብስ የሚሠራ ቀሪቦም አለ፣ ጥቁር፣ ትንሽ ጭስ ጭስ የሚል። ለእኔ ከብርዝ ይበልጣል።

ጥሩ ማር የሚገኘው ክረምቱ ወጥቶ አበባው ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ ከሰቆጣ በኩል የሚመጣው ነጭ ማር ስሙ የታወቀ ነው። በሌላ ወቅት በስኳር የተጠመቀ ጠጅ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ቀለሙ ከልክ በላይ ቢጫ ከሆነ ጠርጥሩ፣ እርግጡን ደግሞ በማግስቱ ራስ ምታታችሁ ይነግራችኋል።

ቅዳሜን ለደሴ፣ እሁድ ጠዋትን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ላለችው ሐይቅና ለእስጢፋኖስ ገዳሟ፣ ከሰዓቱን ለኮምቦልቻ ስጡ። ሰኞን መጨመር የቻለ ባቲ ገበያ ይውጣ። በአውሮፕላን የሚመጣ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። አካባቢው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጦርነት አይቷልና ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ የአገሩን ሰው ጠይቁ።

ጠጅ ይዛችሁ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ከእኔ ተማሩ። አንዴ ደሴ ላይ ሁለት ሃይላንድ አስሞልቼ ክዳኑን ግጥም አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዶሮ መዝለያ ላይ አንደኛው ጧ! አለና ፊት የተቀመጠውን ሰውዬ ኮት አበሰበሰው። ሰውዬው ዞር ብሎ አየኝ፣ ረዳቱ ሳቀ፣ አጠገቤ የነበሩት እናት ግን ሁለተኛውን ከእጄ ወስደው ክዳኑን ላላ አደረጉና መለሱልኝ። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ይተነፍሳል" አሉኝ።