ዮሐን ዮአኪም ቤኸር፦ ሐኪሙ ነጋዴ

ዮሐን ዮአኪም ቤኸር በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ሐኪም ብቻ ብሎ ማለፍ ግን ሰውየውን ማሳነስ ይሆናል። አስተምሯል፣ ኩባንያ አቋቁሟል፣ ነገሥታትን አማክሯል፣ ከባሕር አሸዋ ወርቅ አወጣለሁ ብሎም መንግሥት አሳምኗል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1635 ሽፓየር ከተማ ተወለደ። አባቱ የሉተራን ቄስ ነበሩ። ያደገው አገሩ በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ስትደቅቅ ነው። አባቱ ቶሎ ስለሞቱ ቤተሰቡን የመርዳት ሸክም በልጅነቱ ወደቀበት። ቀን ሌሎችን ያስተምራል፣ ማታ ለራሱ ያነባል። ዕውቀቱን ያጠራቀመው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

በ1663 በማይንዝ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ፤ የግዛቱም ልዑል ሐኪም ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ ግን አልሆነለትም። ሙኒክ ሄዶ የሐር ሥራ አስጀመረ፣ ከዚያ ቪየና ገብቶ የንጉሠ ነገሥት ሊዮፖልድ ቀዳማዊ የንግድ አማካሪ ሆነ። የፈረንሳይ ዕቃ እንዳይገባ፣ እዚያው አገር ውስጥ እንዲመረት ይሟገት ነበር። ከውጭ በማስመጣት የሚተዳደሩ ነጋዴዎች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያቅትም። በ1668 ባሳተመው የፖለቲካ መጽሐፉ ገበሬው፣ የእጅ ባለሙያውና ነጋዴው አንዱ የሌላው ገበያ ናቸው ይላል። አንዱ የሚያወጣው ገንዘብ የሌላው ገቢ ነው። ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን ብዙዎቹ መኳንንት የሚያዩት ግምጃ ቤታቸውን ብቻ ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚያስገርመው የሃናው ጉዳይ ነው። ሃናው ያኔ ትንሽ የጀርመን ግዛት ነበረች። መስፍኗ ፍሪድሪኽ ካሲሚር ገንዘብ ማባከን ይወድ ነበር። በ1669 ቤኸር ለዚህ ሰው ከሆላንድ የምዕራብ ኢንዲያ ኩባንያ ጋር ተደራደረ፤ በደቡብ አሜሪካ፣ በኦሪኖኮና በአማዞን ወንዞች መካከል ከ100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት በውል አስገኘለት። መሬቱ ከራሷ ከሃናው ስንት እጥፍ! ብሩ ግን ከየት ይምጣ? ነገሩ ወረቀት ላይ ቀረ፤ ዘመዶቹም መስፍኑን ከሥልጣን ሊያወርዱት ተነሡ።

በዚያው ዓመት ያሳተመው ሌላ መጽሐፍ ግን ስሙን በሳይንስ ታሪክ ውስጥ አስቀምጦለታል። ከሰል ሲነድ አመድ ብቻ የሚቀረው ለምንድን ነው? ቤኸር እንዳለው፣ በሚቃጠል ነገር ውስጥ ቅባታማ አፈር አለ፤ እሳቱ ያንን አስወጥቶ ይጨርሰዋል። በኋላ ጌኦርግ ሽታል የተባለ ሐኪም ይህን ሐሳብ አሳድጎ ቅባታማውን አፈር ፍሎጂስቶን አለው፤ በ1703ም የቤኸርን መጽሐፍ እንደገና አሳተመ። ሐሳቡ ስሕተት ነበር። ቢሆንም ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮይዚየ ኦክስጅንን ይዞ እስኪመጣ ድረስ የአውሮፓ ኬሚስቶች በእሱ ሲመሩ ኖረዋል።

ቪየና ውስጥ፣ ታቦር በተባለው ሰፈር፣ የሙያ ቤት አሠራ። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ፣ የሱፍና የሐር ሥራ፣ የሸክላና የብርጭቆ መሥሪያ ሁሉ በአንድ ግቢ። ዕድሜው ግን አጭር ነበር። እሱም ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተጣላ፣ ወደ ሆላንድ ሄደ። ከአሸዋ ወርቅ አወጣለሁ ያለው እዚያ ነው፤ በ1679 አምስተርዳም ላይ የተደረገው ሙከራ የተሳካ መሰለ። ትልቁ ሥራ ሳይጀመር ቤኸር እንግሊዝ ገብቶ ነበር።

በ1682 ለንደን ውስጥ ሞተ። በዚያው ዓመት «የሞኝ ጥበብና የብልህ ሞኝነት» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ብልሃት መስለው የከሸፉትን፣ እብደት መስለው የሠሩትን ሐሳቦች እየለየ ይቆጥራል፤ የራሱንም አልማረም። የታቦሩን ቤት ደግሞ በዓመቱ፣ በ1683፣ ኦቶማኖች ቪየናን ሲከቡ እሳት በላው።