«አንድ ለሃያ» ማለት ምንድን ነው?

«10 ሜጋቢት ብለው ሸጡልኝ፤ ውሉ ላይ ግን አንድ ለሃያ ይላል። ስለዚህ ያለኝ ግማሽ ሜጋቢት ብቻ ነው።» ይህ የቪሳት (በዲሽ ከሳተላይት የሚመጣ ኢንተርኔት) ሒሳብ ስንቴ ይታረም! አንድ ለሃያ ማለት አንዱን መስመር እስከ ሃያ ጣቢያ፣ ማለትም ሃያ ዲሽ፣ ይጋራዋል ማለት ነው። ማካፈሉ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ፍቺው ነው። ግማሽ ሜጋቢት የሚደርሰው ሃያውም ጣቢያ በአንድ ቅጽበት ሲስብ ነው። ሦስት ብቻ ሲስቡ ለየአንዳንዳቸው 3.3 ይደርሳል፤ ሌላው ሁሉ ዝም ካለ 10ሩም የአንዱ ነው።

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ውስጥ ሃያ ተከራይ ያለበትን ግቢ አስቡ። ሁሉም በየቤቱ ቧንቧ አለው፤ ከመንገድ የሚገባው መስመር ግን አንድ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይንጠባጠባል፣ ቀን 9 ሰዓት ላይ ይንፎለፎላል። አንዱ ቱቦውን ሮቶ ውስጥ ከቶ ከተኛ (የዊንዶውስ አፕዴት ማለት ይኸው ነው) የሁሉም ውሃ ይቀጥናል። ደግሞ የሚቆጠረው በር እንጂ ሰው አይደለም፤ ከአንዱ በር ጀርባ 15 ኮምፒውተር ያለው ኢንተርኔት ቤት ሊኖር ይችላል። ያቺ ግማሽ ሜጋቢት ራሷ እንኳ ዋስትና የላትም። ዋስትናው ሲአይአር የሚባለው ቁጥር ነው፤ ውሉ ላይ ዜሮ ከሆነ ሻጩ ምንም ዕዳ የለበትም።

«የጎረቤቴ ዲሽ ነው የሚሻማኝ» ለሚለውም፦ ሰፊ ጨረር ያለው ሳተላይት ብዙ አገር በአንዴ ይሸፍናል። ተጋሪው እዚሁ አዘዞ ሳይሆን ድንበር ማዶ ሊሆን ይችላል።

ክረምት ሲገባ ግን የቧንቧው ምሳሌ ይሰነክላል። ዝናብ በሚያዳክመው ኬዩ ባንድ በሚባለው የሳተላይት ሞገድ፣ ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ ሲስተሙ ለምሳሌ ከፈጣኑ የአላላክ ዘዴ (8ፒኤስኬ 3/4) ዘገም ብሎ ዝናብ ወደሚችለው (ኪውፒኤስኬ 1/2) ይወርዳል፤ ያንኑ ፋይል ለማውረድ ከእጥፍ በላይ የአየር ጊዜ ይበላል። የሚዘንበው አንዱ ላይ፣ የሚጎድለው ከሁሉም ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የተጋሪ ወረፋ ይሁን የሲግናል ለመለየት የሞደሙን ገጽ ከፍታችሁ የሲግናሉን ዴሲቤል (የጥራቱን መለኪያ) ጠዋት 4 ሰዓትና ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከፍጥነቱ ጋር መዝግቡ። ዴሲቤሉ ሳይለወጥ ፍጥነቱ ቀን ቀን ከወረደ ወረፋ ነው፤ ትልቅ ዲሽ መግዛት ከወረፋ አያወጣም። ዴሲቤሉም ከወረደ ዝናብ፣ የተነቃነቀ ዲሽ ወይም ውሃ የገባበት ኮኔክተር ነው። ኮኔክተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ሞደሙን አጥፉ፤ ገመዱ ኤሌክትሪክ ይዟል።

600 ሚሊሰከንድ የሚያሳየው ፒንግ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ከተጋሪ ብዛት የመጣ አይደለም። ሳተላይቱ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ሃያውም ቢተኙ አይቀንስም። በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞሩት ሳተላይቶች ደግሞ ፒንጋቸው ያጥራል እንጂ መጋራቱ አይቀርላቸውም።