የልብ ቫልቭ ሕመም ምንድን ነው?

ደሴ ላይ ትንፋሽ ቢያጥር ሰበብ አይታጣም፤ ዳገቱ አለ። ከተማዋ የጦሳን ተራራ ተደግፋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ እንግዳ ቢያለከልክ ማን ይገረማል? አንዲት ወጣት ጎረቤታችን ዳገቱን ስታጋምስ ሁልጊዜ ቆም ብላ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። ለካ ትንፋሿን እየሰበሰበች ኖሯል።

ቫልቭ በር ነው። ልብ አራት በሮች አሏት፤ ደም ወደፊት ሲሄድ ይከፈታሉ፣ እንዳይመለስ ይዘጋሉ፤ ይህንንም በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ያደርጉታል። ሕመሙ ሁለት መልክ አለው። በሩ ይጠብና እንደ ልብ አይከፈትም፤ አለዚያም ሳይገጥም ቀርቶ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። ሁለቱም በአንድ በር ላይ ሊገኙ ይችላሉ። በግራ የልብ ክፍል ያለው ሚትራል የተባለው ቫልቭ ሲጠብ ደሙ ወደ ሳንባ እየተጠራቀመ ትንፋሽ ያሳጥራል።

በእኛ አገር መነሻው ብዙውን ጊዜ የልጅነት ቶንሲል ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ያመጣው የጉሮሮ ሕመም በወጉ ካልታከመ፣ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ የሰውነት መከላከያ በራሱ ላይ ይዞርና መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። ዛሬ ጉልበት፣ ነገ ቁርጭምጭሚት ያብጣል። ቤተሰብ «ብርድ መታው» ይላል፤ እብጠቱም ይጠፋል፤ የቫልቩ ጠባሳ ግን ይቀራል። እንጥል ማስቆረጥ ከዚህ አያድንም፤ ቁስልና መድማት ብቻ ይጨምራል።

ታዲያ ዳገቱን ከሕመሙ በምን እንለያለን? ዳገቱ ያው ነው፤ አምና ሳይቆሙ የወጡትን ዘንድሮ ሦስቴ ቆመው ከወጡት፣ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ቀጥሎ ሜዳውም ዳገት ይሆናል። ሌሊት ካለ ሁለት ሦስት ትራስ መተኛት ያቅታል፣ እግር ያብጣል፣ ልብ ያለ ሥርዓት ይመታል። አንዳንዱ ሥራ ሲበረታበት ራሱን ይስታል።

በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን በግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ ተደብቆ የኖረ ጥበት ያኔ ይወጣል። ጎረቤታችንም የታወቀላት ሁለተኛ ልጇን ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። ሐኪሙ በማዳመጫው ያልተለመደ ድምፅ ሰማ፤ የልብ አልትራሳውንዱ አረጋገጠ። የጠበበ ቫልቭ በፊኛ ይሰፋል፤ ያልሆነለት በቀዶ ሕክምና ይጠገናል ወይም ይለወጣል።

እሷ አሁን በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ትወጋለች። መርፌው የተጎዳውን አይጠግንም፤ አዲስ ጉዳት ግን ይከላከላል። ያማል። የተወጋች ዕለት ዳገቱን በባጃጅ ትወጣለች።