ለውጥ፣ ዕቅድና ሠራተኛ፦ ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባሉ ፋብሪካዎች

ከቃሊቲ ተነስቶ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ፋብሪካ ነው። አቃቂ የቆየ የኢንዱስትሪ ሰፈር ነው፤ የጅቡቲው ባቡር በዚያ ማለፉ ጠቅሞታል። ዱከም ላይ በቻይና ባለሀብቶች የተቋቋመው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ቦሌ ለሚ መንግሥት ካስገነባቸው የኢንዱስትሪ ፓርኮች የመጀመሪያው ነው፤ ሥራው በአብዛኛው ልብስ ስፌት ነው። ገላን፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ለገጣፎ ለገዳዲ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። የአገራችን የሥራ አመራር ለውጦች በተግባር ከተፈተኑባቸው ቦታዎች እነዚህ ዋነኞቹ ናቸው።

ለውጥ ሲባል ብዙ ነገር መጥቶ ሄዷል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ማለትም ቢፒአር፣ ነበር። ከዚያ ሚዛናዊ የውጤት ምዘናው ቢኤስሲ ተከተለ። አንድ ሰው አምስት ባልደረቦቹን የሚያስተባብርበት አንድ ለአምስት አደረጃጀትም መጣ። ሁሉም የየራሱ ሥልጠና፣ ቅጽና ግምገማ ነበረው። በፋብሪካዎች ዘንድ ሥር የያዘው ግን ካይዘን ነው።

ካይዘን ከጃፓን የመጣ የአሠራር ማሻሻያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ፋብሪካዎቿን ስትጠግን አሜሪካዊው ኤድዋርድስ ዴሚንግ በ1950 እ.ኤ.አ. ስለ ጥራት ቁጥጥር አስተማረ። በ1962 እ.ኤ.አ. ሠራተኞች ራሳቸው ችግር የሚፈቱባቸው የጥራት ቡድኖች ተጀመሩ። ቶዮታ ውስጥ ደግሞ ታይቺ ኦኖ ብክነትን እየነቀሰ የሚያስወግድ የምርት ሥርዓት ዘረጋ። ካይዘን ወደ እኛ የገባው በቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጥያቄ ነው። በ2000 ዓ.ም. የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት ጃይካ በቱኒዚያ የሠራውን አይተው ለኢትዮጵያም እንዲደረግ ጠየቁ። ከ2002 እስከ 2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ባሉ 30 ድርጅቶች ሙከራ ተደረገ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

አሠራሩ ከወለሉ ይጀምራል። መነሻው አምስቱ "ማ"ዎች ናቸው፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። መጀመሪያ የማያስፈልገው ዕቃ ከሚያስፈልገው ይለያል። ለዓመታት ጥግ ይዞ የኖረ የተሰበረ ማሽን፣ የዛገ ብረት፣ ማን እንዳመጣው የማይታወቅ ካርቶን ይወጣል። ከዚያ የቀረው ዕቃ ቦታ ይሰጠዋል። የመፍቻው ቅርጽ ሰሌዳው ላይ ይሳላል፤ ካልተመለሰ ባዶው ቦታ ራሱ ይናገራል። ወለሉ ላይ የመተላለፊያ መስመር በቀለም ይቀባል።

ቀጥሎ ሠራተኞች በልማት ቡድን ይደራጃሉ። ቡድኑ በየጊዜው እየተገናኘ ብክነትን ይፈልጋል። የሚፈለጉት ሰባት ናቸው፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ማጓጓዝ፣ አላስፈላጊ ሂደት፣ የተከማቸ ዕቃ፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴና ጉድለት ያለበት ምርት። ስፌት ላይ የተቀመጠች ልጅ ክር ለማምጣት በቀን ስንት ጊዜ እንደምትነሳ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ክሩ አጠገቧ ቢሆን ምን ያህል ጊዜ እንደሚተርፍም የምትነግራችሁ እሷው ናት። የካይዘን ትልቁ ጉልበት ይህ ይመስለኛል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አለቃው ቁጭ ብሎ እንዲያዳምጥ ነው።

ከአምስቱ "ማ"ዎች አስቸጋሪዎቹ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ማላመድና ማዝለቅ። አሠልጣኙ እስካለ ድረስ ሁሉም ያምራል። እሱ ሲሄድ የቡድኑ ስብሰባ በጥድፊያ ትዕዛዝ ይሰረዛል፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር መታደሱ ይቀራል፣ ካርቶኑም ወደ ጥጉ ይመለሳል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወለሉ ላይ ካልታየ ነገሩ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ሠራተኛን ማሳተፍ ለምን እንደሚጠቅም በ1948 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በደንብ ያሳያል። ሌስተር ኮክና ጆን ፍሬንች የተባሉ አጥኚዎች ጥናቱን የሠሩት ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ የፒጃማ ፋብሪካ ነው። የአሠራር ለውጥ ሲመጣ አንዱ ቡድን ተነግሮት ብቻ ሥራ ጀመረ። ምርቱ ወረደ፤ በ40 ቀን ውስጥ 17 በመቶው ለቀቀ። አባላቱ በሙሉ በለውጡ ንድፍ የተሳተፉባቸው ቡድኖች ግን ቶሎ አገገሙ፤ ከበፊቱም በላይ አመረቱ። ከእነሱ የለቀቀ አልነበረም። ፋብሪካው ልብስ ስፌት ነበር፣ ሠራተኞቹም በአብዛኛው ሴቶች። ከቦሌ ለሚ ጋር የሚያመሳስለው ብዙ ነው።

መልቀቅ እኛም ጋ ትልቁ ራስ ምታት ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ባደረጉት ጥናት ሥራ አመልካቾችን በዕጣ መድበው ተከታተሉ። የፋብሪካ ሥራ ካገኙት ሦስት አራተኛ ያህሉ ዓመት ሳይሞላ ለቀዋል። ገቢው ራስን ችሎ ከመሥራት ብዙም አልተሻለም፤ የጤና ችግሩ ግን በዛ። አንዳንድ አለቆች "የኢንዱስትሪ ባህል የላቸውም" ብለው ያልፉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከገጠር የመጣች ወጣት ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ገና ሳይነጋ ሰርቪስ ጠብቃ፣ ማታ በጨለማ ተመልሳ የምታገኘው ደመወዝ ለኪራይና ለምግብ ካልበቃ መልቀቋ ሒሳብ ማወቅ ነው። በግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም።

ስለዚህ ተሳትፎ ሲባል የሐሳብ መስጫ ሳጥን መስቀል ብቻ አይደለም። ሰርቪሱ በሰዓቱ መድረሱ፣ ምሳው ንጹሕ መሆኑ፣ የማታ ፈረቃ የጨረሰች ሴት ሰፈሯ ድረስ መሸኘቷ የለውጥ ሥራው አካል ነው። ከሁሉም በላይ የመስመር ሱፐርቫይዘሩ ወሳኝ ነው። ለአብዛኛው ሠራተኛ ኩባንያው ማለት እሱ ነው። ጥሩ ሰፊ ስለነበረ ብቻ አለቃ የሆነ፣ ሰው መምራት ግን ያልተማረ ሱፐርቫይዘር የሚጮኸው ሌላ መንገድ ስላላየ ነው። ለውጥ የሚመራ ድርጅት የሥልጠና በጀቱን መጀመሪያ ለእሱ ቢያውል እመክራለሁ።

ስትራቴጂክ ዕቅድ በአብዛኛው የአምስት ዓመት ነው። ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት ይጻፋል፤ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚና ስጋት ይዘረዘራል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የውጭ ገዢ ትዕዛዝ ግን የራሱን ወቅት ይከተላል። መብራት ይቆራረጣል፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ጥሬ ዕቃ ያዘገያል። ዕቅዱ ወለል ድረስ የሚወርደው በየወሩና በየፈረቃው ሲሸነሸን ነው። "ኤክስፖርት እናሳድጋለን" ለሰፊዋ ምንም አይነግራትም። "የሚመለሰውን ሸሚዝ እንቀንስ" ግን ይገባታል።

ሕጉም ቦታ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ማኅበሩ በኅብረት ስምምነት ስለ ሥራ ሰዓት አደረጃጀት፣ ስለ ዕድገትና ስለ ዲሲፕሊን ይደራደራል። ማኅበሩን እንደ ጠላት የሚያይ ሥራ አስኪያጅ አለ። ለውጥ ሲያቅድ መጀመሪያ የሚያማክረው እሱን ቢሆን ግን ብዙ ወሬና ጥርጣሬ ይቀርለት ነበር።

ይህ ግንኙነት የሚፈተነው በክፉ ቀን ነው። አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው፣ ለአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው የቀረጥ ነፃ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስታስወጣ ወደ ውጭ የሚልኩ የልብስ ፋብሪካዎች ገበያ ተናጋ። ሠራተኛ ለመቀነስ ለተገደደ አሠሪ አዋጁ የሚለው ግልጽ ነው፦ ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር፣ የሥራ ችሎታና ከፍተኛ ምርታማነት ያላቸውን በሥራ ላይ ማስቀደም። ለሚሰናበቱትም በሕጉ የሚገባቸውን ክፍያ መስጠት አለበት።