ጥቅማ ጥቅም ምንድን ነው? ሠራተኛስ ለምን ሥራ ይቀይራል?

ጥቅማ ጥቅም የሚባለው አሠሪው ከደመወዝ ውጭ ለሠራተኛው የሚያቀርበው ነው፤ ሰርቪስ፣ ምሳ፣ የቤት አበል፣ ህክምና፣ ቦነስ፣ ፈቃድ። አብዛኛው አካውንት ውስጥ ስለማይገባ ብዙ ሰው ሥራ ሲያወዳድር ይረሳዋል።

ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ አንዲት ኦፕሬተር 6,000 ብር ይከፈላታል፣ ሰርቪስና ምሳም አላት እንበል። ከተማ ውስጥ ያለ ሱቅ «7,500 እከፍልሻለሁ» አላት። 1,500 ብር ጭማሪ ያጓጓል። ምሳው 80 ብር፣ ባጃጁ ደርሶ መልስ 30 ብር ከሆነ ግን በ26 የሥራ ቀን 2,860 ብር ከኪሷ ይወጣል። ጭማሪው ላይ የሚቆረጠው ግብር ሳይታሰብ እንኳ በየወሩ 1,360 ብር ትከስራለች።

አሠሪዎች «ለ500 ብር ብላ ጥላን ሄደች» ሲሉ ይሰማል። እኔ አልስማማም። ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ጀምሮ ብዙዎቹ ሠራተኞች ከገጠር የመጡ፣ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከማታ ሽፍት ወጥታ ሰርቪሱ ሰፈሯ የማይደርስላት ልጅ በጨለማ በእግሯ ትሄዳለች። እናቷ ታማ ፈቃድ ስትጠይቅ ትከለከላለች። የ500 ብሩ ጥሪ የሚመጣው ልቧ ከሸፈተ በኋላ ነው። በእርግጥ ደመወዙ የቤት ኪራይ ካልሸፈነ ሰርቪስም ምሳም ማንንም አያስቀርም፤ ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝም የለንም።

ሕግ ያስገደደውን ግን ከአሠሪው ችሮታ መለየት ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ታርፋለች። ይህን «እኛ ጋ ያለ ጥቅም» ብሎ ማስታወቂያ ላይ መለጠፍ ሠራተኛን ማታለል ነው።

«ደመወዝ 4,000፣ አበል 4,000» የሚል ቅጥር ሲመጣም ልብ በሉ። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት ጡረታ የሚሰላው በደመወዙ እንጂ በአበሉ አይደለም። ኦቨር ታይምም እንዲሁ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት መነሻ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ሰርቪሱ ማታ የት ድረስ እንደሚሄድ፣ ህክምናው ከስንተኛው ወር እንደሚጀምር ጠይቁ።

ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ የተቀጠራችሁበትን ቀን እዩ። በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው። አራት ዓመት ከስምንት ወር የሠራ ሰው ለትንሽ ጭማሪ ቸኩሎ ቢወጣ ይህ ክፍያ ይቀርበታል።